የግሪሳ ወራትና ግራ ጎኔ

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ሰርግ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንዲት ሴት ቃጫ ባልዲ ውስጥ እየነከረች ገመድ ትገምዳለች። የረጠበ ቃጫ ሽታ ትንሽ የሣር፣ ትንሽ የኩሬ ነው። ሻንጣዬን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ ግራ እጄ ሳላዘው ተነሳና አውራ ጣቴ የመሃል ጣቴን ማሸት ጀመረ። በልጅነቴ ውሃ እየነከርኩ የምይዘውን የቃጫ ወንጭፍ እየፈለገ ነበር። ወንጭፍ ከያዝኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እጄ ግን አልረሳም። ቆሜ በራሴ ሳቅሁ፤ ገመድ ገማጇም ምን እንዳሳቀኝ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

ያን ዓመት አሥራ አራት ሞልቶኝ ነበር። ቀወት ቆላ ውስጥ፣ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር፣ ሦስት ሆነን እንኖራለን፦ እናቴ ፋጡማ፣ የአባቴ አባት አባባ ሙሄ፣ እና እኔ ኸዲጃ። አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አውድማ ላይ ማሽላ ሲወቃ ውሎ ግራ ደረቱን በእጁ ያዘ፣ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ፣ በዚያው ቀረ። ሐኪም አላየውም። የመንደሩ ሰው ግን ባንድ አፍ «ልቡ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ልብ የሚባል ነገር አይነሳም። እናቴ «ልብ አድርጊ» ማለቱን እንኳ ትታ «አስተውዪ» ነበር የምትለኝ።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ማሽላችንን ከወፍ የሚጠብቅልን የአጎቴ ልጅ ኢብራሂም ነበር። እሱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ማማው ለእኔ ደረሰ። ማማ ማሽላው መሃል በምሰሶዎች ላይ የሚሠራ፣ የሣር ጥላ ያለው ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ነው፤ ወፍ ጠባቂ እዚያ ላይ ቆሞ ይወነጭፋል። የእኛን የሠራው አባቴ ነው። ሣሩ በየዓመቱ ይቀየራል እንጂ የግራር ምሰሶዎቹ እሱ እንደተከላቸው ናቸው። ኢብራሂም ግን ማማውን ይረግመው ነበር። በቀኝ በኩል፣ ልክ ክንድ በሚወናጨፍበት ቦታ፣ አንድ ወፍራም ምሰሶ ተገትሯል። በወነጨፈ ቁጥር ክርኑን ይመታዋል። ልቁረጠው ብሎ ስንት ጊዜ ለመነ፤ አባባ እሺ አላሉም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁም ወሬ ይቀይራሉ።

ግሪሳ ትንሽ ወፍ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። ብቻዋን ቢያዩዋት ታሳዝናለች። ክፋቷ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ከሮቢ ወንዝ በኩል ጭስ የተነሳ መስሎኝ ነበር። ጭሱ ዞረ፣ ወደ ታች ታጠፈ፣ መልሶ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ከዚያ ድምፅ አወጣ፤ ዝናብ የቤት ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ጊዜ ሲዞር አንዷ ከሌላዋ አትጋጭም። «ዙሩ» የሚላቸው ማን እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ወንጭፉን ረሳሁት። አባባ ከታች፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ «ኸዲጃ፣ ሱብሃነላህ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን እየወነጨፍሽ በይው» አሉኝ።

የአባባ ነገርም ራሱን የቻለ ተአምር ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ የሰው ፊት ከሁለት እርምጃ በላይ አይለዩም። ግን ግሪሳው ለእኔ ከመታየቱ በፊት አገጫቸውን ቀና አድርገው «መጡ» ይላሉ። ከየት በኩል እንደሆነም ይነግሩኛል። ስህተት ሲሠሩ አላየሁም። ወፎቹ የሚመጡት ጎህ ሲቀድና ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ትምህርት ቤት ደርሼ እመጣለሁ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንኳ ጆሮዬ እንደ አባባ ጆሮ እንዲሆን እለማመድ ነበር። የሰማሁት የአስተማሪዬን ቁጣ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምስጢሬ ልምጣ። እኔ ግራኝ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ማዕድ ሲቀርብ እናቴ ግራ እጄን በሻሿ ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። በክፋት አልነበረም፤ ሰው ቤት ሄጄ እንዳላፍር ብላ ነው። የቁርኣን አስተማሪያችንም በግራው የሚበላ ሸይጧን ነው ይሉን ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ድናለች ተባለ። በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ፣ በቀኜ እቀዳለሁ። ማማው ላይ ግን በቀኜ የወነጨፍኳት የመጀመሪያዋ የጭቃ ድቡልቡል ወደ ኋላ ሄዳ የአባባን የውሃ ኮዳ መታች። በሁለተኛዋ ክርኔ ከምሰሶው ጋር ተላተመ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ከማሽላ ራስ በቀር የሚያየኝ የለም። ወንጭፉን ወደ ግራ አዛወርኩት። በግራ በኩል ምሰሶ የለም፣ ክንዴ እንደ ልቡ ዞረ፣ ወንጭፉ ጧ ብሎ ጮኸ፣ ጭቃዋም ወፎቹ መሃል ገባች። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ደስታው ግን ጥላ ነበረው። አስተማሪያችን በያንዳንዳችን ትከሻ ላይ ሁለት መላይካዎች እንዳሉ፣ የቀኙ መልካም ሥራችንን፣ የግራው ወንጀላችንን እንደሚጽፍ ነግረውን ነበር። በግራ መብላት ወንጀል ከሆነ በግራ መወንጨፍም ወንጀል መሆኑን በራሴ ወሰንኩ፤ ማንንም አልጠየቅሁም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምወነጭፍ ሳስብ፣ የግራው መላይካ እጁ ዝሎ ይሆናል ብዬ አዝንለት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ወጋኝ። ከግራ ጡቴ ወደ ደረቴ መሃል ጠጋ ብሎ፣ ልክ በመርፌ እንደተወጋሁ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ ይብሳል፤ ቀና ብዬ በቁንጥር ስተነፍስ ቀለል ይላል። መጀመሪያ የመጣብኝ መላይካው ነው። ወረቀቱ ሞልቶበት ደረቴ ላይ መጻፍ የጀመረ መሰለኝ። ቀጥሎ የመጣብኝ አባቴ ነው። ከዚያ ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኙና አንድ ሆኑ፦ በግራዬ ስለወነጨፍኩ፣ እንደ አባቴ በልቤ ልሞት ነው። አሁን ስጽፈው ፈገግ ያሰኘኛል። ያኔ ግን ማማው ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እቆጥር ነበር።

ታዲያ ለምን በቀኝሽ አልወነጨፍሽም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። በቀኜ በወነጨፍኩበት በአንዱ ጠዋት ግሪሳው የማሳውን አንድ ጥግ ባዶ አገዳ አድርጎት ሄደ። ያ የዓመት ጉርሳችን ነበር። ስለዚህ በግራዬ እየወነጨፍኩ፣ እየተወጋሁ፣ በየመሃሉ «ያ አላህ፣ አፉ በለኝ» እያልኩ አሥር ቀን ያህል ከረምኩ።

የያዘችኝ እናቴ ናት። ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትመጣ ከማማው ሥር ቆሜ፣ ግራ ደረቴን በእጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አባቴ አውድማ ላይ የቆመው እንደዚያ ነበር። ስጮህ ወይ ስወድቅ ብታየኝ ይሻላት ነበር መሰለኝ። የያዘችውን አገልግል ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ እንቁላል ተያዝኩ። አትሩጪ፣ ውሃ አትቅጂ፣ ጮክ ብለሽ አትሳቂ። ጎረቤቶች መጡ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አበላችኝ፤ ሌላዋ ዱዓ አስደርጉላት አለች፤ ሦስተኛዋ አባቴ እንዴት እንደሞተ እኔው ፊት ከመጀመሪያው አንስታ ተረከችው። የሚገርመው፣ የልቤን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ውጋቱ ይበረታል፣ ትንፋሼም ያጥራል። ይህንንም የሞት ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። በሦስተኛው ቀን አባባ ከደጅ ሆነው ለእናቴ፣ «ልጄን ሳላስመረምር ቀበርኩ። ይቺን ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አሏት። አባባ እናቴን ሲያዙ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከተማ የገባነው በባጃጅ ነው። የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ትዕግስት የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ የእኛን ሙቀት ስላልለመደችው ሻሿን ውሃ ነክራ ነበር ራሷ ላይ የምታስረው። ጠብታ በግንባሯ እየወረደ ጥያቄ ደረደረችልኝ። ስሮጥ ራሴን ስቼ አውቅ እንደሆነ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ እንደሆነ፣ ሳልና ትኩሳት፣ ከበላሁ በኋላ ቃር፣ ሌሊት ማፈን፣ መውደቅ፣ መመታት። ሁሉንም የለም አልኩ። ስለ አባቴ ስትጠይቅ እናቴ መለሰች። ሲስተር ትዕግስት መጻፏን አቁማ ሰማቻት።

ከዚያ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አኑራ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ፊቷን እያየሁ ፍርዴን ስጠብቅ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና እኔ ጆሮ ውስጥ ሰካችው። የሰማሁትን እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። ውስጤ የሆነ ሰው ይሠራ ነበር። ዱብ ይላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ዱብ ይላል። ስተኛም፣ ስቆጣም፣ አባቴ ሲቀበርም፣ ማንም ሳያዘው ሲሠራ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ጠላቴ አድርጌ ፈርቼው ነበር። ከግሪሳው መዞር ይልቅ ይህ ገረመኝ። ማዳመጫውን አልመልስም ብዬ አስቸገርኳት።

ስትቀበለኝ በአንድ ጣቷ የደረቴን አጥንት ጠርዝ ከላይ ወደ ታች እየተጫነች ወረደች። አንድ ቦታ ስትደርስ ጮኽኩ፤ እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ሲስተር ትዕግስት ደግማ ተጫነችው፤ ደግሜ ጮኽኩ። ከዚያ ፈገግ አለች።

«እትዬ ፋጡማ፣ ይቀመጡ» አለች። «ልብ ከጎድን አጥንት ጀርባ ነው ያለው፤ ጣቴ አይደርስበትም። ጣቴ የደረሰው የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በሚገናኝበት ለስላሳ አጥንት ላይ ነው። እሱ ነው የተቆጣው።» ቀጥላም እንደ እኔ ያሉ ልጆች ደረታቸውን ይዘው ብዙ እንደሚመጡ፣ አብዛኞቹም ከልብ እንዳልሆነ አስረዳችን። ሸክም ጡንቻውን የሳበው አለ፤ በባዶ ሆዱ በርበሬ በልቶ ቃር ያቃጠለው አለ፤ አስም ያለበት አለ፤ ፈተና ፈርታ ትንፋሽዋን ያጣችም አለች። ፍርሃት ብቻውን ደረት እንደሚያጠብ፣ ሕመሙም ውሸት እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጎረቤታችን ስትተርክ የባሰብኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ወፍ ጥበቃ መሆኑን ስትሰማ በየትኛው እጄ እንደምወነጭፍ ጠየቀች።

«በቀኟ» አለች እናቴ። «የሚያማት ግን በግራ ነው።»

ሲስተር ትዕግስት ሁለቱን እጆቼን ወስዳ ጠረጴዛው ላይ መዳፋቸውን ገለበጠች። የቀኙ የተማሪ እጅ ነበር። የግራው የመሃል ጣት ግን የወንጭፉ ቀለበት የሚገባበት ቦታ ላይ እንደ ሰኮና ጠጥሯል። እሷም አየችው፤ እናቴም አየችው። «ኸዲጃ፣ በየትኛው ነው?» አለችኝ። ቀኜ ብል ሕመሜ ሳይታወቅ እሞታለሁ፤ ግራዬ ብል እናቴ ታፍርብኛለች። ያን ጊዜ ከሁለቱ የሚከብደኝ የትኛው እንደነበረ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴን ሳላያት ግራ እጄን አነሳሁ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ሁሉንም አወጣሁት፤ መላይካውን፣ ወረቀቱን፣ አባቴን።

እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ሲስተር ትዕግስት ግን አልሳቀችብኝም። «ስለ መላይካው እኔ አላውቅም፤ አያትሽን ጠይቂ። ስለ አጥንቱ ግን አውቃለሁ። ክንድሽ ጠዋት ማታ ሲዞር የሚስበው እዚህ ነው። በቀኝሽ ብትወነጭፊ ኖሮ በቀኝ ያምሽ ነበር» አለችኝ። አባቴ በምን እንደሞተ ግን ሳታየው ልትነግረኝ እንደማትችል ገለጸች። ስለ እሱ ሲባልም ልቤ በመሣሪያ ሳይታይ እንደማትለቀኝ ተናገረች። እዚያው ከተማ ሆስፒታል ላከችን።

እዚያ ደረቴ ላይና እጅ እግሬ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ተኝቼ ሳለሁ ከመሣሪያው ረጅም ወረቀት እየተዘረጋ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ከእኛ ማሳ ሆኖ ወደ ደብረ ሲና ሲያዩ የሚታየው ዓይነት የተራራ ሰልፍ ተሥሏል፤ ጫፉ ሹል፣ ርቀቱ እኩል። ሐኪሙ አየና ደህና ነው አለ። እናቴ ደግመው እንዲያዩት ለመነችው። ደግሞ አየና ደህና ነው አለ። ስንወጣ እናቴ መንገድ ላይ ቆማ፣ ሰው እያያት፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። የእሷም ልብ ሲሠራ ሰማሁት።

የታዘዘልኝ የሕመም ማስታገሻ፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ እና ሦስት ሳምንት ወንጭፍ አለመያዝ ነበር። ግሪሳው ግን የሐኪም ትእዛዝ አይሰማም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ማማው ላይ ወጣች። እኔና አባባ ቁርቁራው ሥር ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ወንጭፍ አዙራ ሳትለቀው ክርኗ ከምሰሶው ጋር ተላተመ።

«ይህን ግንድ እዚህ ማን ነው የተከለው?» አለች ከላይ።

«ባልሽ» አሉ አባባ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ። «በግራው ነበር የሚወነጭፈው። ምሰሶውን በቀኝ ያደረገው ለግራ እጁ ቦታ እንዲሰፋለት ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ወረደች። ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች፤ አታውቅም ነበር። አንድም ቀን በግራው ሲሠራ አላየሁትም አለች።

«እኔ ነኝ ያስደበቅኩት» አሉ አባባ። «ልጅ ሳለ ግራውን በአለንጋ መታሁበት። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት አላወጣትም። እዚያ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ከታች ሆኜ እያየሁ የማላይ እመስል ነበር። ምሰሶውን ለኢብራሂም ያላስቆረጥኩት ለዚያ ነው።»

የእኔንም ያውቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ፣ ወንጭፌ የሚጮኸው የእሱ ይጮህበት በነበረው በኩል መሆኑን ነገሩኝ። በየጠዋቱ እኔ የማላስበው ነገር ከታች ይደረግ ነበር፦ አንድ ሽማግሌ ሞራ የሸፈነው ዓይኑን ጨፍኖ ሰባት ዓመት ያልሰማውን ልጁን ያዳምጣል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? እየፈራሁ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ታቆሚብኛለሽ ብዬ» አሉ። እንባቸው ወረደ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ስለ መላይካው ስጠይቃቸውም፣ የቤቱን እህል ለሚጠብቅ ሰው የሚጽፈው የቀኙ እንደሆነ፣ በየትኛውም እጅ ብወነጭፍ አጅሩ፣ ማለትም ምንዳው፣ እንደማይጎድል ነገሩኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ከአባቴ የወረስኩት ልቡን መስሎኝ ስፈራ ከርሜያለሁ። የወረስኩት ለካ እጁን ነው። ማማውን አሻግሬ አየሁት፤ ሳይነግረኝ የሞተውን ነገር በእንጨት ሠርቶ አኑሮልኝ ነበር።

ሦስቱን ሳምንት እናቴ ከምሰሶው ጋር እየተጣላች ጠበቀች። ክርኗ በለዘ፤ አንድ ጥግ ማሽላም ለወፍ ገበርን። ውጋቱ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት። ተመልሼ ማማው ላይ በወጣሁበት ጠዋት እናቴ ወንጭፉን ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ተከትላኝ ወጣች። በለመድኩት ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። አልሰጠችኝም። ጎንበስ ብላ ግራ እጄን ከቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ፈልጋ አወጣችው፤ ያን በሻሽ ታስረው የነበረውን እጅ። የረጠበውን ቀለበት በጠጠረው ጣቴ ላይ ራሷ አጠለቀችና፣ እንዳይጠብቀኝ አስተካከለችው።

«እያረፍሽ ወንጭፊ» አለችኝ።

ከታች አባባ አገጫቸውን ቀና አድርገው «መጡ» አሉ።